ማይክሮስኮፑ ውስጥ ያለው ጥቁር ክር

የትናንቱን ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር እወቁልኝ፦ እኔ የተበላሸ ነገር ስጠግን በአንድ ጊዜ አንድ ዕቃ ብቻ ነው የምቀይረው። ቀይሬ አያለሁ፤ ያየሁትን ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ሃያ ስምንት ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምርም እንዲሁ ነበርኩ።

ባለፈው ወር እዚህ ኮሎምቢያ ሲቲ አንድ ጎረቤቴ ጋራዡን ሲያጸዳ ያገኘውን አሮጌ ማይክሮስኮፕ ሰጠኝ። አምፖል የለውም፤ ከሥሩ ባለች ክብ መስታወት ነው ብርሃን የሚሰበስበው። ስስ የሽንኩርት ልጣጭ አስገብቼ ሳይ... መሐል ላይ ጎበጥ ያለ ጥቁር ክር።

ልጣጩ ያረፈበትን ስላይድ ባንቀሳቅሰው ክሩ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። መስታወቱን ቀየርኩ። አለ። የታችኛውን ሌንስ አፈላልጌ ቀየርኩ። አለ። ዓይን የሚያርፍበትን የላይኛውንም ቀየርኩ... ጭራሽ ሁለት ሆነ።

በደብተሬ መሠረት ያልተቀየረ አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ዓይኔ።

ሳቄ ጠፋ። ታላቅ ወንድሜ ዓይኑ ሊጠፋ ሲል «ክር ክር ይታየኛል» ይል ነበር። ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዝኩና ትናንት እንድታደርሰኝ ሰናይትን ለመንኳት። ሰናይት ድሮ አዲስ አበባ ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኳት ናት፤ አሁን እዚህ አውቶቡስ ትነዳለች።

መጥታ በማይክሮስኮፑ አየች። ምንም ክር አልታያትም። እንግዲያው ዓይኔ ነው አልኳት። እንዴት እንደማይ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። መነጽሬን አውልቄ ዓይኔን ሌንሱ ላይ ለጠፍኩ።

«ኦኬ ቲቸር... እስቲ ዓይንዎን ጨፈን ከፈት ያድርጉት። ክሩስ?»

«አብሮ ይወርዳል... አብሮ ይወጣል።»

ቀና ስል ወለሉ ላይ ተቀምጣ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ቲቸር፣ እኔ ይቺን ክር ሥዬ ከአስር ሁለት ቀንሰውብኛል። በቀይ ምን ብለው እንደጻፉብኝ ትዝ ይልዎታል?»

ትዝ አለኝ። «የራስሽ ሽፋሽፍት ነው። ከሌንሱ ራቅ በዪ።» በየዓመቱ ስንቱ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ!

ቀጠሮውን ለመሰረዝ ሦስት ጊዜ ደወልን፤ ሁለቴ በሳቅ ምክንያት ሁለታችንም መናገር አቅቶን ዘጋነው። ከዚያ ሰናይት ቀይ እስክሪብቶ ጠየቀችኝ። ደብተሬ ላይ በማስመሪያ ካሰመርኩት ሰንጠረዥ ሥር «ሲቀነስ ሁለት» ብላ ፈረመችበት። አልተከራከርኩም፤ እርማቱ ትክክል ነው።

እናም አሁን ያለ ምንም ጥፋታቸው የተነሱ አንድ መስታወትና ሁለት ሌንሶች ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጠዋል። እንዲህ ያለ አሮጌ ማይክሮስኮፕ ኖሯችሁ ዕቃ የጎደለባችሁ ካላችሁ በነጻ እሰጣለሁ፤ ሽፋሽፍት ግን ከየራሳችሁ ነው። የጎደላችሁን እስከ ቅዳሜ ጻፉልኝ።