ጣቱ ላይ የጠመጠምኩት ላስቲክ

ልጅ ሳለሁ ሞጣ ውስጥ አያ ደሴ የሚባሉ፣ የጠፍር አልጋ እየሠሩ የሚኖሩ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩን። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር፣ ሲመሽ እኔና ታናሽ ወንድሜ ሀብቱ ፍማቸው ዳር ተቀምጠን፣ የተነከረ ቆዳ ሽታና የኩራዝ ጭስ እየተቀላቀለብን ተረት እንሰማ ነበር። ከሁሉ የምወደው እባብ የነደፈውን አዳኝ ተረት ነው፤ ሰውየው እግሩን በጠፍር ጥብቅ አድርጎ አስሮ፣ ሦስት ወንዝ ተሻግሮ፣ ቤቱ በሰላም ይገባል።

አንድ ቀን ታዲያ ሀብቱ ሣር ሲያጭድ ጣቱን ማጭድ ቆረጠው። እናታችን ዘመድ ልትጠይቅ ቢቸና ሄዳ ስለነበር ሐኪሙ እኔ ሆንኩ። ጠፍር ስላልነበረኝ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ ከከመነዳሪው፣ የተቆረጠ ላስቲክ አንስቼ፣ ባለ በሌለ ጉልበቴ እየሳብኩ አራት ዙር ጠመጠምኩበት። ደሙ ቆመ። ኮራሁ።

ማታ ተረቱ መሀል ሲደርስ ሀብቱ ይነጫነጭ ጀመር።

«ዝም በል፤ አዳኙ እንኳ እንዳንተ አላለቀሰም» አልኩት።

አያ ደሴ ግን ተረቱን አቋርጠው እጁን ወደ ኩራዙ አስጠጉት። ጣቱ ጠቁሮ፣ አብጦ፣ ቀዝቅዟል። ላስቲኩን በቆዳ መቁረጫቸው በጠሱት። ከዚያ ሦስታችንም ጣቱን እያየን ጠበቅን። ሊቆረጥ ነው፣ ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ እላለሁ በልቤ። ጥቁረቱ ቀስ እያለ ሸሸ፤ ጣቱ ቀላ፤ ሀብቱም «አመመኝ» ብሎ አለቀሰ።

«እሰይ፣ ካመመህማ ጣትህ ተርፏል» አሉ አያ ደሴ። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርገው አሰሩለትና ወደኔ ዞሩ። «ስሚ፣ የኔ ሐኪም። ጠፍር እንዳሰርሽው ይቀመጣል። ይሄ ላስቲክ ግን እንቅልፍ የለውም፤ ወደ ልኬ ካልተመለስኩ እያለ ሲያንቅ ነው የሚያድር።»

ከዓመታት በኋላ አሮጌ የሳይንስ መጽሐፍ ገዝቼ ብቻዬን ስማር «ተለጣጭ» የሚለውን ቃል አገኘሁ። ብዙ ሰው ሲስቡት የሚረዝም ሁሉ ተለጣጭ ይመስለዋል። አይደለም። ሊጥም ይሳባል፣ ማስቲካም ይሳባል፤ ሲለቋቸው ግን በዚያው ይቀራሉ። ተለጣጭ የሚባለው ሲለቁት ወደ ነበረበት መጠን የሚመለሰው ነው፤ እንዳይመለስ ከከለከሉት ደግሞ የከለከለውን ነገር መጫኑን አይተውም። መጽሐፉ ይህን በሁለት መስመር ጨርሶታል፤ እኔ ለሰው ማስረዳት ከጀመርኩ ግን አፌ አያርፍም።

ሀብቱ ዛሬ ልብስ ሰፊ ነው። የሱሪ ወገብ ላይ ላስቲክ ሲያስገባ ልረዳው ከተጠጋሁ፣ «አንቺ እጅሽን ሰብስቢ» ይለኛል። እኔም እጄን ሰብስቤ፣ አሥሩም ጣቶቹ ሲሠሩ አያለሁ።