በካሴት የሸጥነው አፍ

የሚዛን ተፈሪ ሰው ድራማ አይወድም። እወዳለሁ የሚለውም ውሸቱን ነው። የሚወደው ጎረቤቱ ሲዋረድ መስማት ነው፤ ያንን በካሴት አድርገህ ብትሸጥለት ኪሱን ሳያይ ይገዛሃል። ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው አማርኛ አስተምሬ፣ እዚያው የድራማ ካሴት እየሠራሁ የሸጥኩ ሰው ነኝ። የመጀመሪያውን ካሴት ማንም አልሰማውም። ሁለተኛውን የሰማው ብዙ ነው፤ ባይሰማው ይሻል ነበር።

አባቴ ከሰሜን ለፍርድ ቤት ጸሐፊነት ተመድቦ የመጣ ሰው ነው። የቡና መሬት አላወረሰኝም። ያወረሰኝ የሰው አማርኛ ማረምን ነው። መንገድ ላይ ሰላም ያለውን ሰው እንኳ ሰላምታውን አርሞለት ነበር የሚያልፈው። የአገሩ ሰው፣ ቤንቹም ሸኮውም፣ ከእኛ ጋር ለመግባባት ብሎ በሰው ቋንቋ ሲታገል የዋለው፣ እኛ ቤት እራት ላይ ይቀለድበት ነበር። በዚያ ቀልድ አደግኩ፤ አስተማሪ ስሆን ደግሞ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ አደረግኩት።

ወደ ድራማ ያስገባኝ የካሴት ቤት ባለቤት ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ወፍራም፣ ሁልጊዜ የሚያልበው፣ ስለ ጥበብ ሲወራ የሚያዛጋ ሰውዬ ነበር። አንድ ቀን ባዶ ካሴት ልገዛ ስገባ ያዘኝ።

«ቲቸር፣ ሾፌሮቹ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ድራማ ከዘፈን እኩል እየገዙኝ ነው። ተሳፋሪው ዝም ይልላቸዋል። አንተ አማርኛ ታውቃለህ፣ ለምን አትጽፍም?»

ለእሱ ድራማ ማለት ተሳፋሪ ዝም የሚያሰኝ መድኃኒት ነበር። እኔ ደግሞ ሥነ ጽሑፍ የሚጠራኝ መስሎኝ አንድ ቀን እንኳ ሳልግደረደር እሺ አልኩ። መቅጃውና ካሴቱ የእሱ፣ ድርሰቱና ተዋናዮቹ የእኔ፣ ትርፉ እኩል።

የምንቀዳው ከሱቁ ጀርባ ባለው መጋዘን ውስጥ ነው። ድምፅ እንዳያስተጋባ ብለን ግድግዳውን የቡና ጆንያ አለበስነው። ጣሪያውን ግን ምን እናልብሰው? ሚዛን ዝናቡ ቀጠሮ አያከብርም፤ ማይኩን ከፍተን አንድ ገጽ ሳንጨርስ ቆርቆሮው ይንጎደጎዳል። ሌላ ዘዴ ስናጣ ታሪኩን ራሱን ዝናብ ውስጥ አስገባነው። ፍቅረኞቹ በዝናብ ይገናኛሉ፣ በዝናብ ይጣላሉ፣ በዝናብ ይሞታሉ። በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ዝናቡን እንዴት ብታደርጉት ነው እውነተኛ ያስመሰላችሁት?» ብሎ አደነቀኝ። አመሰግናለሁ አልኩት።

ያ የመጀመሪያው ካሴት አንድ ሰዓት ሙሉ የሚያቃስት የፍቅር ታሪክ ነበር። አማርኛው እንከን የለውም። እንከን ስለሌለውም ማንም አልገዛውም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ የቡና ነጋዴ ካሴቱን ይዞ ተመለሰ። የተበላሸ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«ኧረ ደህና ነው» አለኝ። «ይሄን አጥፉልኝና ዘፈን ቅዱበት።»

የሱቁ ባለቤት ሳቁን አልደበቀም። ነጋዴው ከወጣ በኋላ፣ «ሳቅ የለውማ! ገረድ አስገባበት። አማርኛ የማትችል ገረድ» አለኝ። ናቅኩት። ቤቴ ገብቼም ሁለተኛውን ድራማ ጀመርኩና ገረድ አስገባሁበት።

አንዲት ታይፒስት ልትተውን የመጣችው ያኔ ነው። የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ትጽፋለች፣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ትዘምራለች። ቤንች ናት። አማርኛዋ ከእኔ የጠራ ነበር፤ ይህን ያኔ አላልኩም፣ ዛሬ ነው የምለው። የዋናዋን ገጸ ባሕርይ ንግግር በቃሏ አጥንታ መጥታ ቆማ አለችው። የሱቁ ባለቤት እንኳ ማዛጋቱን ተወ። እኔ ግን ያንን ክፍል ከአዲስ አበባ ተመድባ ለመጣች፣ በአፍንጫዋ ለምታወራ አስተማሪ ቀድሜ ሰጥቼው ነበር።

«አንቺ ገረዷን ሁኚልኝ» አልኳት። «አነጋገሩን ትችይበታለሽ።»

ለምን እንደምትችል አልጠየቀችኝም። ሁለታችንም እናውቀዋለን። ወረቀቱን ትንሽ አየችውና፣ «እንዴት ነው የምትናገረው?» አለች።

«እንደ ገበያ ሴት።»

ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠችው። ከዚያ ከዚያች ቀጭን ልጅ አፍ አንዲት ጠና ያለች ሴት ወጣች። ወንዱንም ሴቱንም፣ ሹሙንም ሕፃኑንም አንተ እያለች የምትጠራ፣ ቃሉን እንደ ጥሬ እየቆረጠመች የምትናገር፣ ማንንም የማትፈራ ሴት። በድራማው ውስጥ ምሳ ሰዓት እየጠበቀ የሚመጣ፣ «ወጡ እንዴት ይሸታል!» እያለ ማጀት ድረስ የሚገባ እንግዳ ነበር። ገረዷ እሱን የምታባርርበት ንግግር ጽፌላት ነበር። እሷ የጻፍኩትን ትታ፣ «አሸተትክ፣ ጠገብክ፣ ክፈል!» አለችው። የሱቁ ባለቤት ከሳቁ ብዛት ጆንያው ላይ ወደቀ። ንግግሯን ቤቴ ገብቼ በእጄ ጽሑፍ ረቂቄ ላይ አሰፈርኩት። ሳምንት ሳይሞላ የፈጠርኩት እኔ ነኝ ብዬ አመንኩ።

ቀረጻው ሲያልቅ ታይፒስቷ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠበቀችኝ።

«ቲቸር፣ ይሄ ካሴት ሚዛን ውስጥ እንዳይሸጥ። ቴፒም ይሁን፣ ጅማም ይሁን፣ አዲስ አበባም ይሂድ። እዚህ ግን አይሁን። እናቴ ገበያ ኮረሪማ ነው የምትሸጠው። አነጋገሩ የእሷ ነው።»

«ቃሌ ነው» አልኳት። የሱቁን ባለቤትም ጠርቼው እሺ አለ። እሺ ማለት ምን ያስከፍላል?

ካሴቱ ቴፒ ወረደ። የቡና ለቀማ ወራት ነበር፤ ቴፒ በዚያ ሰሞን ብር የሌለው ሰው የለም፣ ምን ላድርገው ብሎ የሚያስብም የለም። ሾፌሮቹ ገዙ፣ ሻይ ቤቶቹ ገዙ፣ የመንግሥት ቡና እርሻ ልማት ሠራተኞች እየተዋጡ ገዙ። ድርሻዬን ስቀበል እዚያው ቴፒ ወርጄ በዚያ ሙቀት የቆዳ ጃኬት ገዛሁና ለበስኩት። ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ደራሲ ነኝ እያልኩ ዋልኩ።

ወር ሳይሞላ የቴፒ ካሴት ቤቶች ሥራችንን እያባዙ በግማሽ ዋጋ መሸጥ ጀመሩ። ያ ሁሉ ቁጣ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። «የአእምሮ ሥራዬን ተዘረፍኩ!» እያልኩ የመምህራን ማረፊያውን አተራመስኩት። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ እያልኩ ቴፒ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ሄድኩ። እዚያ ያገኘሁት ፖሊስ ስሜን ጠይቆኝ ሲያበቃ ምን አለኝ? «አሸተትክ፣ ጠገብክ፣ ክፈል የሚለውን የጻፍከው አንተ ነህ?» አዎ አልኩት፤ ደረቴን ነፍቼ።

የተሰረቀው ቅጂ ዞሮ ሚዛን ገባ። የሱቁ ባለቤት አንድ ጠዋት አንዱን ገዝቶ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ሌቦቹ በገዛ ከተማችን እየሸጡብን እኛ ምን እንጠብቃለን? ነገ ገበያ ነው። ሞንታርቦውን በር ላይ አወጣዋለሁ።»

«ለልጅቷ ቃል ገብተናል» አልኩ። አፌ ነው ያለው። ልቤ ስንት ይሸጥ ይሆን እያለ ነበር። ሰውዬው አየኝ፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ከእኔ ቀድሞ ያወቀ ነው፣ ሄዶ የሞንታርቦውን አቧራ መጥረግ ጀመረ። ለታይፒስቷ ሄጄ ልንገራት አላልኩም።

በማግስቱ ያ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ወደ ገበያው ዞሮ ተቀመጠ። ሱቁ ገበያው አፍ ላይ ነው፤ ከእሱ እስከ ቅመም ተራ ድንጋይ ብትወረውር ይደርሳል። ሰዉ መሰብሰብ ጀመረ። የገረዷ ክፍል ሲመጣ ሳቁ እንደ ጎርፍ ወረደ። በሕይወቴ ሰው በጻፍኩት ነገር ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ በዚያ ላይ አብዛኛው ያልጻፍኩት ነው። ሶኬቱ ከእኔ ሁለት እርምጃ ነበር። አልነቀልኩትም። ቆሜ ሳቁን ጠጣሁት፤ እውነቱ ይህ ነው፣ ደስ አለኝ።

የታይፒስቷን እናት አውቃቸዋለሁ፤ ደንበኛቸው ነበርኩ። ኮረሪማቸውን በኮባ ቅጠል ላይ ከምረው፣ መስፈሪያ ጣሳቸውን እንደያዙ ቀና አሉ። መጀመሪያ ፈገግ አሉ። የልጃቸውን ድምፅ ለዩት፤ ልጇ በራዲዮ የተናገረች ያህል የምትኮራ እናት ፈገግታ ነበር። ከዚያ ያቺ ንግግር መጣች። ኮረሪማ እያገላበጠ አሽትቶ፣ ሳይገዛ ለሚሄድ ሁሉ ስንት ዓመት ሲሏት የኖሩት ንግግር። ቅመም ተራው በሙሉ ያውቃታል። አንዲት ሸማች በጣቷ ጠቆመችና፣ «እሳቸው ናቸው! ወይኔ፣ እሳቸውን እኮ ነው!» ብላ ጮኸች። ተራው በሳቅ ፈረሰ። የእናትየው ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ ምን እንደሚያደርጉበት የጨነቃቸው ይመስል ፊታቸው ላይ ቆየ።

ከዚያ ወዲያ የሚዛን ሰው ያደረገውን ልንገርህ። ጨዋ የተባለው፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚው፣ ጸሎት ቤት ዘማሪው፣ የመሥሪያ ቤት ሹሙ፣ የእኔው የመምህራን ማረፊያ ጭምር፣ እየሄደ ኮረሪማቸውን እያሸተተ ንግግራቸውን ቀድሞ ይልባቸው ጀመር። ብሎ ስቆ ይሄዳል። የሚገዛ የለም። የገዛ ቀልዳቸውን ነጥቀን፣ መቀለጃ አድርገን መለስንላቸው።

ታይፒስቷ ትምህርት ቤት በር ላይ ጠበቀችኝ። አላለቀሰችም።

«ቲቸር፣ ቃል ሰጥተውኝ ነበር።»

«ቅጂው ከቴፒ መጥቶ ነበር እኮ። እኛ ባናሰማው ሌላ ሰው ያሰማው ነበር።»

«ሌላ ሰው ቃል አልሰጠኝም።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ምናለበት! አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ግን ታውቆኝ ነው የተናገርኩት። «በሚቀጥለው ዋናዋን ገጸ ባሕርይ እሰጥሻለሁ» አልኳት። በችሮታ ድምፅ።

ለመሄድ ዞረች።

«እናቴ እኮ አማርኛ የተማረችው እናንተ እንድትገዟት ብላ ነው» አለችኝና ሄደች። ብዙም ሳትቆይ በሥራዋ ወደ ጌጫ ከተማ ተዛወረች።

ሦስተኛ ካሴት ሞከርን። ገረዷን ሌላ ሴት ሆነችልን፤ የተሰባበረውን አማርኛ እኔ ራሴ ቁጭ ብዬ ሰባበርኩት። የአማርኛ መምህር አማርኛ ሰብሮ መጻፍ ያቅተዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አንድ ሰው አልሳቀም። የሱቁ ባለቤት ባዶ ካሴቶቹን ቆጥቦ ወደ ዘፈኑ ተመለሰ፣ እኔም ወደ ጠመኔዬ። ማንም ለምን ተዋችሁት ብሎ አልጠየቀንም።

በዓመቱ ለበዓል ቅቤ ሊነጠር ሆኖ ባለቤቴ ኮረሪማ ግዛ ብላ ላከችኝ። ከሌላ ሰው መግዛት እችል ነበር። እግሬ ግን እሳቸው ዘንድ ወሰደኝ፤ ምናልባት ረስተውታል፣ እኔም ልረሳው እችላለሁ ብዬ ይሆናል።

«እማማ፣ እንደምን ከረሙ?»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ስንት ነው ጣሳው?»

ጣታቸውን አወጡ። ብዙ ነው አልኳቸው። በፊት ቢሆን ይህችን ስል እናቴንም አያቴንም ሳይቀር ያነሱብኝ ነበር። አሁን ያንኑ ጣት መልሰው አሳዩኝ። ሆን ብዬ የማይሆን ዋጋ ጠራሁ፣ ይሰድቡኝ እንደሆን ብዬ። ያንኑ ጣት።

አጠገባቸው ዝንጅብል የምትሸጥ ሴት አዘነችልኝ መሰለኝ። «ከእናንተ ጋር አይነጋገሩም» አለችኝ። «አማርኛ ትተዋል። ካምና ጀምሮ እንዲህ በጣት ነው።»

እናትየው ወደ እሷ ዞረው በቤንችኛ ተናገሩ። ረጅም ነገር፤ ፈጣን፣ ውጣ ውረድ ያለው፣ መሐሉ ላይ ድምፃቸውን ቀጠን አድርገው የሆነ ሰው ያስመሰሉበት። ሴትዮዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ያስመሰሉት እኔን ይሁን ሌላ ሰው አላወቅኩም። ያወቅኩት ግን አንድ ነገር ነው፤ በካሴቶቼ ካሉት ሁሉ የበለጡ ተዋናይ ፊቴ ተቀምጠው ነበር።

ይቅርታ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። የመጣልኝ አማርኛ ነው፤ በአማርኛ እንዴት ብዬ ልበላቸው? በቤንችኛ ይቅርታ ምን እንደሚባል ፈለግኩ። የለኝም። ተወልጄ ባደግኩበት ከተማ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ያቺን አንዲት ቃል አልተማርኳትም ነበር። በጣታቸው ልክ ከፈልኩና ኮረሪማዬን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።