የካውያው ጥፋት

ታላቅ ወንድሜ በተስቦ ሲሞት አንድ ጥቁር ኮትና አንድ የኤሌክትሪክ ካውያ ትቶ ሄደ።  

ካውያውን አራዳ ውስጥ፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ነበር የገዛው። ያኔ በሰፈራችን በዶሮ ማነቂያ መብራት የገባለት ቤት ጥቂት ነው፤ በኤሌክትሪክ ልብስ የሚተኩስማ እሱ ብቻ ነበር። ግን ሲተኩስ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። እሁድ እሁድ ጊዮርጊስ የሚደርሰው ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ነው። ሲጠየቅ “የካውያው ጥፋት ነው፣ ቶሎ አይግልም” ይላል።

“መስታወት ፊት የሚቆመውም ካውያው ነው?” እለው ነበር እኔ።

አንድ ቀን የንስሐ አባታችን ቤት መጥተው በሁላችን ፊት ተቆጡት። “በዕቃ ታመካኛለህ? ስለ ውሸትህ ሃያ ስገድ!” ሰገደ። ጉልበቱን እያራገፈ ተነሳና “ካውያው ነው” አለ።

አርባው ሲደርስ እናቴ ኮቱን ለንስሐ አባታችን ልትሰጥ ተነሳች። “ልጄ የተጨማደደ ለብሶ ከቤት ወጥቶ አያውቅም፤ ኮቱም አይወጣም” አለችና ካውያውን ሰካች። ጠበቀች። ምራቋን በጣቷ ነካ አደረገችበት፤ ችስ አላለም።

“ይሄም አብሮት ሞተ?” ወደ እኔ ዞረች። “አንተ፣ ተማርኩ ትላለህ። እስቲ እየው።”

ካውያው ላይ 220 ቮልት፣ 2 አምፔር የሚል ተጽፏል። ቮልቱ የሚገፋው ጉልበት ነው፤ አምፔሩ የሚያልፈው መጠን። ሲባዙ ኃይሉ ይወጣል፤ አራት መቶ አርባ ዋት። ቮልቱ ለአምፔሩ ሲካፈል ደግሞ የሽቦው ተቃውሞ፤ መቶ አስር ኦም። እዚህ ድረስ ደህና ነው። የእኛ ቤት ቆጣሪ ግን 110 ቮልት ይላል። ሽቦው ያው ስለሆነ ተቃውሞውም ያው ነው። መቶ አስር ቮልት ለመቶ አስር ኦም ሲካፈል፣ አንድ አምፔር። አንድ ጊዜ መቶ አስር፣ መቶ አስር ዋት ብቻ።

ደግሜ ሠራሁት። ያው ነው።

“እማዬ… እውነቱን ነበር። ካውያው ለሌላ አገር መብራት የተሠራ ነው። እኛ ቤት የሚያገኘው የኃይሉን ሩብ ነው።”

እናቴ ካውያውን አገላብጣ አየችው። “ታዲያ የሰገደውስ?” አለች።

በዚያ ለብ ባለ ብረት ስትተኩስ ዋለች።

በአርባው ዕለት፣ ከምሳ በኋላ፣ የንስሐ አባታችን ኮቱን ለበሱት።

“ልክዎ ሆነ፣ አባቴ?” አለች እናቴ።

“እግዜር ይስጥልኝ፣ ልክክ ነው ያለው።”

“እንግዲያው ሃያ ስግደት አለብዎት።”

ድንኳኑን የሞላው ለቀስተኛ ወደ እሷ ዞረ። እናቴ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ተነሳሁና እየተንተባተብኩ ማባዛቱንም ማካፈሉንም አስረዳሁ። የንስሐ አባታችን ጢማቸውን እየዳበሱ ሰሙኝ።

“ሩብ ነው ያልከው?”

“ሩብ ነው፣ አባ።”

“እንግዲህ የሃያ ሩብ አምስት ነው። አምስት ልስገድለት።”

“ሙሉውን!” አለች እናቴ።

የንስሐ አባታችን ሳቃቸውን ለቀቁት እንጂ አልተከራከሩም። ወደ ምሥራቅ ዞረው ግንባራቸውን መሬት አስነኩ፣ ተነሱ፣ ደገሙ። በሦስተኛው ላይ እናቴ ጮኸች።

“ኧረ ኮቱን! ኮቱን አውልቀው ይስገዱ እንጂ! ቀኑን ሙሉ የተኮስኩትን!”

ለቀስተኛው በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች፤ ወንድሜ ከተቀበረ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። እኔ ኮቱን ተቀበልኩ። እሱ ይይዘው እንደነበረው ከአንገትጌው በሁለት ጣት አንጠልጥዬ፣ ሃያው እስኪሞላ ቆምኩ።