በስኳር መጠቅለያ የመጣው ዓሣ አጥማጅ

ሱቄ ውስጥ ከመክፈያው ጠረጴዛ በላይ በመስታወት ፍሬም የገባ አንድ የቆየ ወረቀት ተሰቅሏል። ዊንጌት ታክሲ ሲጠብቁ ዝናብ የሚያባርራቸው ተማሪዎች ወደ እኔ ሮጠው ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ጠርዙ ተበልቷል፤ መሀሉ ላይ የዘይት ይሁን የቅቤ ያልለየለት ወዝ አለው። ሥዕሉ ላይ ሰፋፊ ጆሮ ያለው፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ሰውዬ በባሕር ዳርቻ ሚስቱንና ልጁን አቅፎ ያለቅሳል። "ይሸጣል?" ይሉኛል። አይሸጥም። ኮሚክ ቤት ከፍቼ የማልሸጠው ኮሚክ እሱ ብቻ ነው፤ ሌላውንማ ወስዳችሁ በገላገላችሁኝ።

ስለዚህ ሱቅ አልፎ አልፎ ብሎግ ላይ እጽፋለሁ። የተማሩት ጦማር ይሉታል፤ ታላቅ ወንድሜ በላይ ግን "የእህቴ ወሬ" ነው የሚለው። ስለ አዲስ መጽሐፍ ስጽፍ ዞር ብሎ የሚያየኝ የለም፤ ስለ ድሮ የጻፍኩ ቀን የእኔ ዘመን ልጆች ካሉበት ብቅ ብቅ ይላሉ። ኮሚክ የልጅ ማታለያ ነው የሚሉኝ ደንበኞችም አሉ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አንብበው፣ ሳይገዙ አመስግነው የሚሄዱት እነሱው ናቸው። አልቀየማቸውም። እኔም ኮሚክ ማንበብ የጀመርኩት ሳልገዛ ነው፤ ማለቴ፣ የገዛሁት ስኳር ነበር።

ልጅ እያለሁ ቁስቋም ዳገቱ ላይ ነበር የምንኖረው፤ ከቤታችን ዝቅ ብሎ የጋሽ ከድር ሱቅ ነበር። ያኔ ፌስታል የሚባል ነገር አናውቅም። ስኳሩም፣ ጨዉም፣ በርበሬውም በወረቀት ይጠቀለላል። ጋሽ ከድር መጠቅለያውን ከመርካቶ በኪሎ ያመጡታል፤ ያረጀ ጋዜጣ፣ የመሥሪያ ቤት ወረቀት፣ አንዳንዴም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የውጭ አገር መጽሔት። አንድ ክረምት ከዚያ ክምር መሀል በሥዕል የተሞላ፣ በዐረብኛ የተጻፈ ኮሚክ ወጣ። ኮሚክ መባሉን እንኳ አናውቅም፤ "ሥዕሉ" ነበር የምንለው።

ገጾቹ እንደየዕድላቸው በየቤቱ ተበተኑ። ስኳር የተላከ ልጅ አንዱን ይዞ ይመጣል፣ ምስር የተላከው ሌላውን። በላይ የሰፈሩ ሰብሳቢ ሆነ፤ ማንም አልመረጠውም፣ ራሱን በራሱ ሾመ። ገጽ ላመጣ ልጅ ብይ ወይም ቆርኪ ይሰጣል። ወረቀቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ፍራሹ ስር ያስተኛዋል፤ በነጋታው ተስተካክሎ ይነሣል። ስኳር የነበረበትን ገጽ ጉንዳን ይከተለዋል፤ የበርበሬውን ስናነብ ደግሞ ሁላችንንም እኩል ያስነጥሰናል። አሁንም አዲስ መጽሐፍ ስከፍት አፍንጫዬ በርበሬ ይጠብቃል።

ገጾቹ ሲሟሉ በላይ ከቤታችን ጀርባ፣ ዝናብ በማይደርስበት የቆርቆሮ ጥግ ሰበሰበንና አነበበልን። አነበበ ስል ዐረብኛ ያውቃል ማለቴ አይደለም፤ ሥዕሉን እያየ ከሆዱ ነበር የሚያወራው። እሱ በደረደረው መሠረት ዓሣ አጥማጁ መጀመሪያ ቤተሰቡን አቅፎ ይሰናበታል። ከግንድ በታሰረች ታንኳ ባሕር ይገባል፣ ማዕበል ያንገላታዋል፣ ሰው የሌለበት ደሴት ላይ ይደርሳል። እዚያ እንደደረሰ ታንኳውን ግንድ በግንድ ይፈታታዋል።

"ለምን ይፈታዋል?" አልኩት።

"ለማገዶ ነዋ! ብርድ አይደል እንዴ?"

ከዚያ ወዲያ ጢሙ ገጽ በገጽ እያጠረ ይሄዳል። በምን ይላጫል ብዬ ስጠይቅ በላይ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ "በዓሣ አጥንት" አለ። ልጆቹ ሁሉ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። በመጨረሻው ገጽ ሰውዬው ጢም አልባ ሆኖ፣ ልብሱ እንደረጠበ፣ ብቻውን አሸዋው ላይ ተቀምጦ ባሕሩን ያያል። በቃ፣ አለቀ።

ሌሎቹ ወደ ብያቸው ሄዱ። እኔን ግን እህል አልወርድ አለኝ። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ የሚመላለሰው ወደ አሰብ፣ ወደ ባሕሩ ነው። ጆሮውም ሰፊ ነው። በዚያ ክረምት እመለሳለሁ ያለበት ጊዜ አልፎ ነበር። እናቴ ለማንም አትናገር እንጂ መኪና ዳገቱ ላይ ሲያጓራ በሰማች ቁጥር የያዘችውን አስቀምጣ ጆሮዋን ታቆማለች። ሲሄድ እኛንም ልክ እንደ ሥዕሉ አቅፎን ነበር፤ ሳለቅስ ደግሞ ጎረቤቶቹ "መንገደኛ በዕንባ አይሸኝም፣ ምን ዓይነት ሟርተኛ ናት!" ብለው ተቆጥተውኛል። እንግዲህ ዓሣ አጥማጁ ቤቱ ካልገባ አባቴም አይገባም ብዬ ፈረድኩ። የልጅ ፍርድ ይግባኝ የለውም።

አንድ ገጽ ጎድሏል ማለት ነው አልኩ ለራሴ። ሰውዬው የሚመለስበት ገጽ ወይ የአንዱን ቤት ምስር እንደያዘ ነው፣ ወይ ደግሞ በጋሽ ከድር ክምር ውስጥ አለ። መላላክን እንደ ጦር የምፈራ ልጅ "የሚገዛ የለም?" እያልኩ እናቴን መጠየቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ መረቀችኝ፣ በኋላ ተጠራጠረች።

"ዛሬም ጨው? ጨው ልትነግጂ ነው እንዴ፣ አንቺ ልጅ!"

ጋሽ ከድርም ሚዛኑን ትቼ መጠቅለያውን ሳይ ነቅተውብኛል። "ምነው ልጄ፣ የሚጣፍጥሽ ጨዉ ነው ወይስ ወረቀቱ?" አሉኝ እየሳቁ። ያን ጊዜ ዕንባዬ ዱብ አለ። ደነገጡና ልጃቸውን ሰዓዳን ጠርተው "እስቲ ወረቀቱን አሳዪያት፣ የጠፋባት ነገር አለ" አሏት።

ሰዓዳ እኩያዬ ናት። ጠዋት ቁርአን ትቀራለች፣ ከሰዓት አባቷን ታግዛለች፤ ስለዚህ የበላይን ንባብ አንድም ቀን አልሰማችም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ ወረቀቱ ሁሉ ቤቷ ተከምሮ ሥዕሉን አላየችውም ነበር። ክምሩን አብረን ገለባበጥነው፤ ምንም የለም። "እስቲ ያሉትን አምጪያቸው" አለችኝ። ከበላይ ፍራሽ ስር አውጥቼ አመጣሁና በእሱ አደራደር ዘርግቼ፣ ማገዶውንም የዓሣ አጥንቱንም ሳላስቀር ተረኩላት። ከዚያ የገጾቹን ጥግ በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ ከት ብላ ሳቀች።

"ከመጨረሻው ነው እኮ የጀመራችሁት! ዐረብኛ ከቀኝ ነው የሚነበበው፣ መጽሐፉም ከቀኝ ነው የሚገለጠው። ይኸው ቁጥሩ፤ ብቻውን የተቀመጠበት አንድ ነው።"

ገጾቹን እየለቀመች እንደገና ደረደረቻቸው። ሰውዬው ደሴቱ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ጢሙ ያድጋል። ግንድ ይለቅማል፣ ታንኳውን ይገጥማል፤ አይ በላይ፣ ማገዶ ብሎ እርፍ! ማዕበሉን ያልፈዋል። መጨረሻ ላይ ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዶ ሚስቱንና ልጁን ያቅፋል። መሰናበቻ ያልነው ገጽ መግቢያው ነበር። ሰው ሲለያይም ሲገናኝም አስተቃቀፉ አንድ ነው፤ በላይስ በምን ይወቅ?

እየሮጥኩ ቤት ገባሁና "አባዬ ይመጣል!" አልኳት እናቴን። ማን ነገረሽ ስትለኝ ሰዓዳ አልኳት። ሰዓዳ ስለ አሰብ መንገድ ምን ታውቃለች ብላ አልጠየቀችኝም። "አሜን፣ አሜን" ብላ ግንባሬን ሳመችኝና ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

አባቴ የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። መኪናው በረሃ ላይ ተሰብሮበት መለዋወጫ ሲጠብቅ ከርሞ ኖሯል። በር ላይ ሳየው አላወቅሁትም፤ ጢሙ አድጎ ፊቱን ሸፍኖታል። በጆሮው ነው የለየሁት። እናቴ አቅፋው አለቀሰች፣ እሱም አለቀሰ፤ ያ ሰብሳቢው በላይ እንኳ አፍንጫውን በእጅጌው ሲጠርግ አይቼዋለሁ። እኔ ብቻ እስቅ ነበር። ገጹን አውቀዋለኋ!

ዛሬ አባቴም ጋሽ ከድርም አርፈዋል፤ ሱቁን ሰዓዳ ይዛዋለች። ዕቃው ሁሉ ታሽጎ ይመጣል፣ በፌስታል ይገባል፤ ፌስታል ደግሞ ምንም አያስነብብም። ከሥዕሉ ለእኔ የተረፈችኝ ያቺ አንዷ ገጽ ናት፣ የቀሩት ቤት ስንቀይር ጠፉ። የእኔ ትናንሽ ደንበኞች የጃፓን ኮሚክ፣ እንደ ዐረብኛው የሚነበበውን፣ ያነሡና ማንም ሳይነግራቸው ከቀኝ ይገልጡታል። እኛ ክረምቱን ሙሉ የደከምንበትን! ቀናሁባቸው አልልም፤ ሁሉ ገጽ እጃቸው ላይ አለ፣ ደስ ይበላቸው። የጎደለ ገጽ ፍለጋ ጨው የሚገዛ ልጅ ባለመኖሩ ግን አንዳንዴ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። በላይ ሐዋሳ ሆኖ እስከ ዛሬ ብሎጌ ስር "ለማገዶም ሊሆን ይችል ነበር" ብሎ ይጽፋል።

ይህን ሁሉ ያስጀመረኝ የልጄ የሊዲያ መሄድ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጅማ ደረሳትና ባለፈው ሳምንት ሸኘኋት። ከጨቅላነቷ ጀምሮ ያቺ ሥዕል ስር ነው ያደገችው፤ ታሪኩን ከእኔ ይልቅ እሷ አሳምራ ታወራዋለች። አውቶቡሱ በር ላይ ሳቅፋት ዕንባዬ አመለጠኝ። ይኼን ዕድሜ ይዤ፣ መንገደኛ በዕንባ እንደማይሸኝ ረሳሁት።

"እማዬ" አለችኝ ጆሮዬ ስር፣ "ይሄን ገጽ ከየት በኩል ነው የምታነቢው?"

"ከቀኝ" አልኳት፣ ጥብቅ አድርጌ እንደያዝኳት።