ለሊቀመንበሩ የታሰቡት ነጫጭ ዶሮዎች

ቆርቆሮ ፀሐይ ሲበላው የሚያወጣው ሽታ አለ። አንቺ ላይሸትሽ ይችላል፤ እኔ ግን አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ዛሬ ጠዋት ጓሮ ምስማር ስትመቺ ሰማሁና ወጣሁ። ለጫጩቶችሽ ቤት እየሠራሽ ነው፤ እሰየው። ቆርቆሮው አጠገብ ስደርስ ግን ሸተተኝ። እስኪ ቁጭ በይ ልጄ። መዶሻውን አስቀምጪው። አልተቆጣሁሽም፤ አንድ ነገር ላጫውትሽ ነው።

ያኔ የምንኖረው እዚሁ ሲቀላ፣ ቆላው የከተማው ክፍል ነበር፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ከደብረ ብርሃን ተዛውሮ እኛን ይዞ መጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ወባ ገደለው። እናቴ አገሬ እመለሳለሁ እያለች እዚሁ ቀረች። የቀረናት እኔና ታላቅ ወንድሜ ነን። ወንድሜ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት ያልመጣለት፣ ራሱ የበሩን ጉበን የሚነካ፣ ቀኑን አባያ ዳር ዓሣ ሲያጠምድ የሚውል ልጅ ነበር። ጊዜው ደግሞ ወንድ ልጅ ያላት እናት ሁሉ እንቅልፍ ያጣችበት ነው። የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ በየጊዜው ይመጣል። ከላይ ይህን ያህል ሰው አምጡ ይባላል፤ ማን እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚቀር የሚወስነው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው ይባል ነበር።

ዶሮ የጀመርነው እንዲህ ነው። የሴቶች ማኅበሩ ለአባላቱ የፈረንጅ ዶሮ ሲያከፋፍል ለእናቴም ደረሳት። ነጫጭ፣ ወተት የመሰሉ ቄቦች። እናቴ በሕይወቷ ዶሮ አርብታ አታውቅም። የምታውቀው ልጅ ሆና እናቷ ቤት ያየችውን ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ ዶሮ ከሰው ጋር ምድጃ ዳር ነው የሚያድረው፣ ውርጩ ይገድለዋላ! ስለዚህ ወንድሜን አዝዛ የጭቃ ቤት አሠራችላቸው። መስኮት የለው፣ ስንጥቅ የለው። ነፋስ እንዳይገባ ግድግዳውን በእበት ለቀለቀችው፤ ከላይ ቆርቆሮ፣ በሩ ላይ ቁልፍ። ሲያልቅ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችውና "እንግዲህ ብርድ አይነካቸው፣ ሸለምጥማጥ አይነካቸው" አለች።

ሲቀላ ውስጥ ብርድ! ወንድሜ በሳቅ ሞተ። "እማዬ፣ ጋቢም ደርቢላቸው እንጂ" ይላታል።

ጎረቤታችን የጋሞ ሴት ነበረች፣ ጴንጤ። ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶባቸው በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚዘምሩት። የእሷ ዶሮዎች ማንጎ ዛፍ ላይ ነው የሚያድሩት። እናቴ ይህን ባየች ቁጥር ከንፈሯን ትመጥጥ ነበር። "ምስኪኖች፣ ቤት እንኳ አልሠራችላቸውም" ትላለች። ሰላምታ ነበራቸው እንጂ አንዷ የሌላዋን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም።

ቀን ቀን ዶሮዎቹ ግቢው ውስጥ ስለሚፈቱ ደህና ነበሩ። ፀሐዩ ሲበረታ ፓፓያው ጥላ ሥር ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። እናቴ ታመሙ ብላ ደነገጠች። ነጭ ሽንኩርት ከሚጥሚጣ ጋር ቀጠቀጠችና አንድ በአንድ እየያዘች አጎረሰቻቸው። አቤት የዚያን ቀን! ግቢው ተተራመሰ፤ ውኃው ላይ ሲሻሙ ጣሳውን ገለበጡት። ከዚያ ወዲህ ሚጥሚጣውን ተወችው፣ ቤቱን ግን አልጠረጠረችውም። ሲመሽ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይነሣል፤ ቆርቆሮው ስለሚቀዘቅዝ እንደምንም ያድሩ ነበር።

አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ለቀበሌ ጉዳይ ሲዞር ግቢያችን ገባ። ዓይኑ ዶሮዎቹ ላይ ቀረ።

"እነዚህ ናቸው የፈረንጅ የሚባሉት? ወይ ንጣት! ለፋሲካ ይደርሳሉ?" ሃይማኖት የለኝም ይላል፣ ፋሲካ ግን አያልፈውም።

"ለእርስዎ ያልደረሱ ለማን ይደርሳሉ፣ ጓድ ሊቀመንበር?" አለች እናቴ። እንደዚያ ስትቅለሰለስ አይቻት አላውቅም።

እሱ ወደ ወንድሜ ዞረና ከእግሩ እስከ ራሱ አየው። "ልጁም ደርሷል" አለ። ከዚያ ሳቅ ብሎ "አይዞሽ፣ ያለሽ ወንድ ልጅ እሱ ብቻ አይደል? ከፋሲካ በኋላ እናያለን" ብሏት ወጣ።

በቃ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ዶሮዎቹ ዶሮ መሆናቸው ቀረ። ሁዳዴ ገብቶ ነበር፤ እናቴ ጾሟን ውላ በቆሎ ትከካላቸዋለች። ከኛ ምግብ ቀንሳ ትሰጣቸዋለች። እያነሣች በእጇ ትመዝናቸዋለች። "ልጄን የሚያስቀሩልኝ እነዚህ ናቸው" ትለኝ ነበር፣ ወንድሜ በሌለበት። ለእሱ ትንፍሽ እንዳልል አስምላኛለች፤ ኩሩ ስለሆነ በዶሮ አልቀርም ብሎ ራሱ ሄዶ ይሰጣል ብላ ፈርታ።

መጋቢት ላይ ሰልፍ ተጠራ። ሴቻ፣ ላይኛው ከተማ ወጥተን ለእናት አገር ጥሪ ድጋፋችንን እንድንገልጽ። እንግዲህ አስቢው፤ እናቶች ልጆቻቸው ለሚወሰዱበት ነገር ወጥተው እንዲያጨበጭቡ ነው! የቀረ ከቀበሌ ሱቅ ስኳርና ሳሙና አያገኝም። ለእናቴ ደግሞ ነገሩ ከስኳርም በላይ ነው፤ ማን እንደመጣ ማን እንደቀረ ሊቀመንበሩ ራሱ ቆሞ ያያል። ሠፈሩ ባዶውን ሊውል ነው። ሌባ አለ፣ ጭልፊት አለ፣ ከደኑ የሚወጣ ዝንጀሮ አለ። ስለዚህ ዶሮዎቹን እያባበለች ቤታቸው አስገባች፣ በጣሳ ውኃ አስቀመጠችላቸው፣ ቆለፈችና ቁልፉን ጡቷ ሥር ከተተችው።

"የታደሉ!" አለ ወንድሜ ጫማውን እያሰረ። "እነሱ እንኳ ሰልፍ የለባቸውም።"

ዳገቱን ወጣን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንዱ ተናግሮ ሲወርድ ሌላው ይወጣል፤ መፈክር ስንደግም ጉሮሯችን ደረቀ። እናቴ ከፊት ቆማ ሊቀመንበሩ እንዲያያት እጇን ከሰው ሁሉ በላይ ታነሣ ነበር። ያቺ እጅ ዛሬም ትታየኛለች።

ሲቀላ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ቆርቆሮው በሙቀት ጧ፣ ጧ ይላል። እናቴ በሩን ስትከፍተው ከውስጥ የወጣው ወላፈን ፊቴን ገረፈኝ፤ የጋለ ቆርቆሮና የላባ ሽታ። ዶሮዎቹ ከበሩ ሥር፣ ትንሽ አየር በምትገባበት ክፍተት በኩል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ነበር። አፋቸው እንደተከፈተ ነው። ጣሳው ተገልብጧል። አንዷ ብቻ ትንፋሽ ነበራት፤ እሷም እናቴ ውኃ ስታፈስባት እጇ ላይ አለቀች።

እናቴ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠች። ወንድሜ ሊያጽናናት ጎንበስ ብሎ "ተይ እማዬ፣ ዶሮ ነው እኮ" አላት።

"ዶሮ አይደለም!" ብላ ጮኸች። "አንተ ነህ! በእነሱ ነበር የምትቀርልኝ! ለሰውዬው የያዝኳቸው ላንተ ነው እኮ!"

ያኔ ነው የገባው። አካፋ አመጣና ከፓፓያው ሥር ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ።

ጎረቤታችን ጩኸቱን ሰምታ መጣች። ሁሉን አየችና ወጣች። ስትመለስ ሁለት ቀያይ ዶሮዎች እግራቸውን አስራ ይዛለች። "እትዬ፣ ይሄን ውሰድ" አለች። አማርኛ ስትናገር አንተና አንቺ ይቀላቀልባት ነበር። "ለሰውዬው ስጥ። ልጅ ይቅርልህ። ጌታ ያውቃል።" እሷም ወንድ ልጅ አላት፣ ነገ ይደርሳል፤ ግን ሰጠችን። እናቴ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። የሴትዮዋን እጅ ስባ ሳመችው።

ቅዳም ሹር ዕለት ዶሮዎቹን ይዘን ሊቀመንበሩ ቤት ሄድን። ጓሮው ውስጥ የታሰረው የዶሮ ብዛት! ለካ የሠፈሩ እናት ሁሉ መጥታለች። ሚስቱ ከእናቴ እጅ ተቀብላ ከሌሎቹ ጋር ወረወረቻቸው። እሱ ብቅ አለና እናቴን ሲያያት "ነጮቹስ?" አላት።

"ሙቀት ፈጀብኝ" አለች።

"ወይ ጉድ! ያሳዝናል" ብሎ ገባ።

ፋሲካ አለፈ፣ ሳምንት አልሞላም፤ ወንድሜን ከአባያ ዓሣ ይዞ ሲመለስ መንገድ ላይ አፈሱት። ዓሣው አቧራው ላይ ተበትኖ ቀረ ብለው ያዩ ሰዎች ነገሩን። ከማሰልጠኛው አንድ ጊዜ ደህና ነኝ ብሎ በሰው ላከ፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ሄደ ተባለ፣ በቃ። አባቴ ከዚያ መጥቶ እዚህ ተቀበረ፤ ልጁ ከዚህ ሄዶ እዚያ ቀረ። መርዶ እንኳ የነገረን የለም፣ ወጉ ደርሶን ድንኳን ጥለን አላለቀስንም።

እናቴ ግን ጥፋተኛውን አግኝታለች። ሰው ሊያጽናናት ሲመጣ "እኔ ነኝ በእጄ የቆለፍኩት" ትላለች። ለጎረቤት፣ ለነፍስ አባቷ፣ ለማንም። የዶሮ ቤቱን ራሷ በመጥረቢያ አፈረሰችው፤ ቆርቆሮውን ለማንም አልሰጠችም፣ አልሸጠችም፣ ወስዳ ገደል ወረወረችው።

መንግሥት ከተለወጠ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሊቀመንበሩን ሴቻ፣ ሚኒባስ ስጠብቅ አገኘሁት። ታስሮ ተፈትቷል፣ አርጅቷል፣ ጥርሱ ረግፏል። አንገቱን ባንቀው ደስ ባለኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኩትና፣ ነጮቹ ዶሮዎች ባይሞቱ ኖሮ ወንድሜ ይቀር ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

"የትኞቹ ነጮች?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ አላስታወሰም። "ልጄ፣ ያኔ ከየቤቱ ዶሮ ይመጣ ነበር። ዶሮ ማንን ያስቀራል? ኮታው ከላይ ነው የሚመጣው። የገዛ እህቴ ልጅም ሄዷል።" እንኳን ሊያፍር፣ እሱ ተበዳይ መስሎ ነበር የሚያወራኝ።

ብቻ ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ወሬውን እንደ ምሥራች ይዤ ወደ ቤት ሮጥኩ። እናቴ ያን ጊዜ አልጋ ላይ ነበረች። "እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም" አልኳት ገና ከበር። "ነጮቹ ቢኖሩም ይወስደው ነበር። ራሱ ነገረኝ።" ይህን ያህል ዘመን የተሸከመችው ይወርድላታል ብዬ።

ከትራሷ ቀና አለች። እንዲያ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም።

"ውሸቱን ነው!" አለች። "ወድዷቸው ነበር እኮ! ዓይኑን አይቻለሁ። ነጮቹስ ብሎ አልጠየቀኝም? እነሱ ቢኖሩ ልጄ ይቀር ነበር።"

ጥፋቷን ላነሣላት መጥቼ፣ ልጇ ሊተርፍ ይችል የነበረበትን ያንን አንድ መንገድ ልነጥቃት ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና እጇን ያዝኩት።

"አዎ እማዬ" አልኳት፣ "ይቀር ነበር።"