እናቴ አይውጣ ያለችው ጎመን

ከዐረብ አገር የተመለሰችው የእህቴ ልጅ ስንዱ፣ ጓሮዬን አልምታ ለደብረ ታቦር ምግብ ቤቶች ጎመን ልታቀርብ አስባ ነበር። ከመዝራቷ በፊት አፈሩን እንዲመረምርላት ለአንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሰጠች። ባለፈው ሳምንት መምህሩ መጣ። አፈሩ አርሴኒክ የሚባል መርዝ አለበት፣ ጎመን በሥሩ ስቦ ወደ ቅጠሉ ያወጣዋል፣ ማጠብም መቀቀልም አያስለቅቀውም አለን። ቀድሞ እዚህ ምን ይሠራ እንደነበር ጠየቀኝ። የቆዳ መጋዘን ነበር አልኩት፤ ቆዳው እንዳይነቅዝ በመድኃኒት ይነከርና እጣቢው ጓሮ ይደፋ ነበር። ሻይ ቀዳሁለት።

አባታችን ከሞተ በኋላ ያንን ጓሮ ቆፍራ ጎመን የተከለችው እናቴ ናት። ክረምት ገብሱ አልቆ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ከእብናት እህል መምጣቱ ሲቀር፣ በጨውና በቃሪያ እሱኑ እንበላ ነበር። ይጣፍጥ ነበር።

በአገራችን የመስቀል ዋዜማ በተለኮሰ ችቦ የቤቱ ምሰሶ ይመታል፤ «ጎመን ውጣ፣ ገንፎ ግባ» እየተባለ የክረምቱ ጎመን ይሸኛል፣ ገንፎ ይጠራል። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ ችቧቸውን ይዘው ገቡና ምሰሷችንን መቱ። «ጎመን ውጣ» ከማለታቸው እናቴ እጃቸውን ያዘች።

«ይተዉ እትዬ። ልጆቼን ያሳደገ ነው፤ ከቤቴ አይውጣ።»

«እንግዲያማ አግቢው፤ ባል እንደሆነ የለሽ።»

ሁለቱም ሳቁ። ከችቦው ፍም ወድቆ እናቴ እግር ላይ አረፈ። የተቃጠለ ሥጋ ሸተተኝ። እሷ ወደ ታች እንኳ አላየችም። ውስጥ እግሯ እንደ ቅርፊት ከጠነከረ፣ ጣቶቿም ከደነዘዙ ቆይቶ ነበር። ፍሙን በእጄ ጠረግሁት።

«ምን ነካሽ?» አለችኝ።

ሕመሙ ሲጠናባት ወንዛዬ ፍል ውኃ ወሰድናት። ቀለል ያላት መሰለን። ቤት ስንመለስ፣ አቅም ይሁናት ብለን ጎመን ቀቀልንላት። የሚቀጥለውን መስቀል አላየችም።

መምህሩን፣ የገደላት ይኸው ይሆን ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ማወቅ አይቻልም አለ። እኔም ሌላ አልጠየቅሁም።

ትናንት የመስቀል ዋዜማ ነበር። ከእናቴ ዘር የቀሩትን ጥቂት ጎመኖች ስንዱ ነቀለቻቸው። የምታለማው ሌላ መሬት እስካሁን አላገኘችም። ሲመሽ ችቦ ለኩሳ አቀበለችኝ።

«አክስቴ፣ ቃሉን እርስዎ ይበሉት።»

ምሰሶውን መታሁ። ይህን ቃል በዚህ ቤት ብዬው አላውቅም። እናቴ የምትሰማ ይመስል ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ጎመን ውጣ» አልኩ። የቀረውን ስንዱ ጨረሰችው።