እንደ እቁብ ነው ያልኩት ክሬዲት ካርድ

በክሬዲት ካርድ ነጥብ ባርሴሎና ደርሼ ከመጣሁ በኋላ ለወራት አፌ አላረፈም። እሁድ ከቅዳሴ መልስ አዳራሹ ውስጥ ምሳ ስንበላ፣ ሰው ስለ ቤት ኪራይ ሲያማርር እኔ ስለ ካርዴ እሰብካለሁ። «ያው የምትገዙትን ሽንኩርት ነው በካርዱ የምትገዙት። ነጥቡ ይጠራቀማል፣ ነጥቡ አውሮፕላን ያሳፍራል። በነጻ!» እላለሁ። አንዳንዱ ይስቅብኛል፣ አንዳንዱ «ኖርዌይ ውስጥ ነጻ ነገር በረዶ ብቻ ነው» ይለኛል። እኔም እነሱን ቂል እያልኩ ቤቴ እገባለሁ።

ከልባቸው የሰሙኝ ጎረቤቴ ብቻ ነበሩ። ኦስሎ፣ ግሮሩድ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ሕንጻ ውስጥ ነው የምንኖረው፤ እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ እሳቸው አምስተኛ። ጋምለ ኦስሎ በሚባለው ሰፈር አንድ ቢሮ ያጸዳሉ፤ ሠራተኛው ሳይገባ ገብተው፣ እሱ ሲገባ ይወጣሉ። አንድ ልጃቸው ትሮምሶ ነርስነት ትማር ነበር፤ በሚቀጥለው ሰኔ ትመረቃለች። እናትየው ምርቃቷን ማየት ይፈልጋሉ፤ ከዚህ ሌላ ሲመኙ ሰምቼ አላውቅም። ትሮምሶ ደግሞ የአገሩ ሰሜን ጫፍ ነው፤ በአውሮፕላን ካልሆነ የማያልቅ መንገድ።

ማመልከቻውን እኔው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሞላሁላቸው። አሠራሩን ሲጠይቁኝ ቸኩዬ ነበር። «እትዬ፣ እንደ እቁብ ይዩት። በየወሩ ፋክቱራ፣ የክፍያ ወረቀቱ፣ ይመጣል፤ ቀኑን ሳያሳልፉ መክፈል ብቻ ነው» አልኳቸው። እንዲህ አሳጥሬ ማስረዳቴ አኮራኝ።

በዓመቱ፣ ግንቦት ላይ፣ ትኬት እንድቆርጥላቸው መጡ። የዓመቱን የክፍያ ወረቀቶች በሙሉ በየወሩ ደርድረው በማህደር ይዘዋል። «አንድም ወር አላሳለፍኩም» አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ። እንደዚያ ቀን ኮርተው አይቻቸው አላውቅም።

የላይኛውን ወረቀት አነበብኩ። ሁለተኛውን አነበብኩ። ከዚያ በኋላ ማንበብ አስጠላኝ። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ አንዱ ጠቅላላ ዕዳው ነው፣ ሌላው «ቢያንስ ይህን ክፈል» የሚለው ትንሹ። እሳቸው ቀኑን ጠብቀው የከፈሉት ትንሹን ነው። እቁብ ላይ የወሩን ይጥላሉ እንጂ የዓመቱን በአንዴ የሚጥል የለማ! ቀሪው ላይ ወለድ ሲታሰብ ከርሟል። በወለዱ ብቻ ትሮምሶ ሦስት ጊዜ ደርሰው ይመለሱ ነበር። ያጠራቀሙት ነጥብ ግን ለመሄጃ እንኳ አልሞላም።

መጀመሪያ የተናደድኩት በሳቸው ነው። ያሳፍራል፣ ግን እውነቱ ይህ ነው። «እንዴት አይጠይቁኝም?» ብዬ ጮህኩ።

«ምኑን ልጠይቅህ? እንደ እቁብ ነው ብለኸኝ» አሉ በቀስታ።

ቁጣዬ ወዲያው በረደ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ፈራሁ፤ አላለቀሱም። ወንበር ስበው ተቀመጡና «በል አሁን ሳትቸኩል አስረዳኝ» አሉ።

መጀመሪያ ሁለቱን ቁጥሮች፣ ቀጥሎ ነጥቡ ከየት እንደሚመጣ አስረዳኋቸው። ሱቁ ከሽያጩ ላይ ለካርዱ ድርጅት ጥቂት ይከፍላል፤ ያንን ደግሞ በዕቃው ዋጋ ላይ ይጨምረዋል።

«ሬንተውስ?» አሉ፣ ወለዱን ማለታቸው ነው።

«ሬንተውም ነጥቡ ወደሚከፈልበት ኪስ ነው የሚገባው። በወሩ ጠቅላላውን የከፈለ ሰው ይበራል። ትንሹን የከፈለ ደግሞ የሱን ትኬት ያግዘዋል።» ይህን እየተናገርኩ ነው ለራሴም የገባኝ።

«አሃ። ባርሴሎና የሄድከው በኛ ነዋ።»

እሳቸው ግን ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበር። «ዕዳውን ተወው። የሴቶቹ እቁብ አለኝ፤ ዳኛዋን ለምኜ የዚህን ወር እጣ እወስዳለሁ፣ ችግሬን ሲሰሙ እምቢ አይሉኝም። እኔን የጨነቀኝ ምርቃቱ ነው» አሉ።

«ትኬቱን በኔ ነጥብ እቆርጥልዎታለሁ» አልኩ።

«ባርሴሎና ጨረስኩት ብለህ አልነበር? ከየት አመጣኸው?»

በሽንኩርት ነው ብዬ መዋሸት እችል ነበር። ግን ያ ሁሉ ወረቀት ፊቴ ተዘርግቷል። «እርስዎን ሳስገባ የሰጡኝ ነው» አልኩ አንገቴን ደፍቼ። አዲስ ሰው ላመጣ ጉርሻ እንዳለው፣ ጉርሻው በዚያው ሳምንት እንደገባልኝ፣ አይቼም ዝም እንዳልኩ ነገርኳቸው።

«ስንት ሰጡህ?»

ቁጥሩን ነገርኳቸው።

«በአውሮፕላን ሲመነዘር የት ያደርሳል?»

«ትሮምሶ። መሄጃውን ብቻ።»

«በርካሽ ሸጥከኝ» አሉ።

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ወረቀቶቻቸውን አንድ በአንድ ወደ ማህደሩ እየመለሱ ነበር። ጨርሰው ማህደሩን ዘጉና ስልኬን ወደኔ ገፋ አደረጉት።

«በል ቁረጠው» አሉ። «የመመለሻውን ከኪስህ ትጨምራለህ።»